ማይክሮስኮፑ «አልታይ» ሲላችሁ፦ ከመብራቱ እስከ ዘይት ሌንሱ፣ ደረጃ በደረጃ

ማይክሮስኮፕ ላይ ተቀምጦ ምንም የማይታየው ሰው እጁ ቶሎ የሚሄደው ወደ ፎከሱ ነው። ያዞራል፣ ይመልሳል፣ ከዚያ ትልቁን ሌንስ ያመጣል። ምስሉ ጭራሽ ይብሳል። ችግሩ ግን ብዙ ጊዜ ያለው ከስላይዱ በታች ነው። መብራቱ ጋ፣ ኮንደንሰሩ (ከስቴጁ ሥር ያለው ብርሃን ሰብሳቢ ሌንስ) ጋ፣ አይሪሱ (ኮንደንሰሩ ላይ የሚጠብና የሚሰፋው ቀዳዳ) ጋ። ለዚህ ነው ከታች ሰፊውን ቦታ ለብርሃኑ የሰጠሁት።

የምናወራው በትምህርት ቤት፣ በዩኒቨርሲቲ ላብራቶሪና በጤና ጣቢያ ስለሚገኘው የተለመደ ባለሁለት ዓይን ማይክሮስኮፕ ነው። 4፣ 10፣ 40 እና 100 የሚሉ ኦብጀክቲቮች፣ ማለትም ወደ ናሙናው የሚጠጉ ሌንሶች ያሉት። ተማሪ ከሆናችሁ ወይም ላብራቶሪ አዲስ ከተመደባችሁ በቅደም ተከተሉ ሂዱ። ደረጃ የዘለለ ሰው መጨረሻ ላይ ተመልሶ ከመጀመሪያው መጀመሩ አይቀርም።

መጀመሪያ ይህን ያዙ፦ ብርሃኑ የት ይሄዳል?

መብራቱ ከታች ይነሳል። ኮንደንሰሩ ብርሃኑን ሰብስቦ ስላይዱ ላይ ያሳርፈዋል። ብርሃኑ ናሙናውን አልፎ ኦብጀክቲቩ ውስጥ ይገባል። ኦብጀክቲቩ ቱቦው ውስጥ የጎላና የተገለበጠ ምስል ይሠራል። አይፒሱ፣ ማለትም ዓይናችንን የምናስጠጋበት ሌንስ፣ ያንን ምስል እንደገና ያጎላዋል። ስለዚህ 10 አይፒስ በ40 ኦብጀክቲቭ 400 ጊዜ ማጉላት ነው። በ100 ደግሞ 1,000 ይሆናል።

ማጉላት ግን ብቻውን አይበቃም። ኦብጀክቲቩ ላይ «40/0.65» ወይም «100/1.25» የሚል ጽሑፍ ታያላችሁ። ሁለተኛው ቁጥር ሌንሱ ምን ያህል ሰፊ ብርሃን እንደሚሰበስብ ይናገራል። ሁለት የተጠጋጉ ነጥቦችን ለያይቶ ማሳየት የሚችለው በዚህ ቁጥር ልክ ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው። የብርሃኑን የሞገድ ርዝመት ለቁጥሩ እጥፍ አካፍሉት። አረንጓዴ ብርሃን 550 ናኖ ሜትር ገደማ ነው። በ0.65 ሌንስ 0.42 ማይክሮ ሜትር፣ በ1.25 ሌንስ 0.22 ማይክሮ ሜትር ይመጣል። ከዚያ በታች የተጠጋጋ ነገር በዚህ መሣሪያ አይለይም። ባክቴሪያ ይታያል፣ አብዛኛው ቫይረስ ግን አይታይም።

አይፒሱን በ20 ብትቀይሩት ምስሉ ይተልቃል እንጂ አዲስ ነገር አይወጣም። ያው ብዥታ ሰፍቶ ይመጣል። ገበያ ላይ «2000 ጊዜ ያጎላል» ሲሏችሁ ኦብጀክቲቩ ላይ ያለውን ሁለተኛ ቁጥር ጠይቁ።

አሁን ዋናው ነገር። ያ 0.22 የሚገኘው ኮንደንሰሩ ከፍ ብሎ፣ አይሪሱ በደንብ ተከፍቶ፣ ሌንሱ ዘይት ውስጥ ሲሆን ብቻ ነው። ኮንደንሰሩን ዝቅ አድርጋችሁ፣ አይሪሱን ዘግታችሁ ውድ ሌንስ ብትጠቀሙ ገንዘቡን ከሰራችሁት።

ደረጃ 1፦ ጠረጴዛውንና መብራቱን ማዘጋጀት

1. ማይክሮስኮፑን በሁለት እጅ ያዙ። አንዱ እጅ ክንዱን፣ ሌላው መቀመጫውን። ስቴጁን (ስላይዱ የሚያርፍበትን ጠፍጣፋ) ወይም አይፒሱን ይዛችሁ አታንሱ።

2. ሴንትሪፊዩጅ (ናሙና በፍጥነት የሚያሽከረክር ማሽን) የሚሠራበት ጠረጴዛ ላይ አታስቀምጡት። በ1,000 ማጉላት ትንሽ ንዝረት ምስሉን ያርገፈግፈዋል።

3. ከማብራታችሁ በፊት የብርሃን ማዞሪያውን ወደ ዝቅተኛው መልሱ። ስታጠፉም እንዲሁ። አምፖል የሚቃጠለው አብዛኛውን ጊዜ በሙሉ ኃይል ሲበራ ነው። መብራት ሄደ መጣ የሚልበት አካባቢ ከሆናችሁ፣ ሲሄድ ወዲያውኑ ሶኬቱን ንቀሉ። ተመልሶ ሲመጣ የሚመጣውን ኃይል አምፖሉ ላይቋቋመው ይችላል። መለዋወጫ አምፖልና ፊውዝ መሳቢያ ውስጥ ይኑር።

4. በመስታወት የሚሠራ ማይክሮስኮፕ ካላችሁ ወደ ደማቅ ሰማይ ወይም ወደ መስኮት አዙሩት። ኮንደንሰር ካለው ጠፍጣፋውን የመስታወት ገጽ ተጠቀሙ። ማስጠንቀቂያ፦ መስታወቱን በቀጥታ ወደ ፀሐይ በፍጹም አታዙሩ። ዓይን ያጠፋል።

5. የሌንስ ወረቀት፣ የኢመርሽን ዘይት፣ ንጹህ ስላይድና 0.17 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ከቨር ስሊፕ (ናሙናውን የሚከድን ስስ መስታወት) አጠገባችሁ አድርጉ። በሶፍት፣ በጋውን ጫፍ ወይም በነጠላ ሌንስ አትጥረጉ። ጭረቱ ዕድሜ ልክ ይቀራል።

ደረጃ 2፦ በጋዜጣ ፊደል መለማመድ

መጀመሪያውኑ በደም ስላይድ አትጀምሩ። ከጋዜጣ ላይ አንዲት ትንሽ «ገ» ቁረጡ። ስላይድ ላይ አስቀምጡ፣ አንድ ጠብታ ውኃ አድርጉ፣ ከቨር ስሊፕ ክደኑበት።

1. 4 የሚለውን ኦብጀክቲቭ «ጠቅ» እስኪል አዙራችሁ ቦታው ላይ አስገቡ። ጠቅ ካላለ ግማሹ ሜዳ፣ ማለትም በአይፒስ የሚታየው ክብ፣ ጨለማ ይሆናል።

2. ስላይዱን በስቴጁ መያዣ ውስጥ አድርጉ። ፊደሏ በብርሃኑ መሐል ትሁን።

3. ከጎን እያያችሁ ስቴጁን በትልቁ የፎከስ ማዞሪያ ወደ ሌንሱ አስጠጉት። በአይፒስ እያያችሁ አታስጠጉ።

4. አሁን በአይፒስ እያያችሁ ስቴጁን ቀስ ብላችሁ አርቁት። ፊደሏ ብቅ ስትል አቁሙና በትንሹ ማዞሪያ አጥሩ።

«ገ» ተገልብጣ ታያላችሁ። ስላይዱን ወደ ቀኝ ስትገፉ ምስሉ ወደ ግራ ይሄዳል። እጃችሁ ይህን እስኪለምድ ተጫወቱበት። ይህን ያልለመደ ሰው በ100 ሌንስ ያገኘውን ነገር ወዲያው ያጣል።

5. ወደ 10 አዙሩ። ደህና ማይክሮስኮፕ ከሆነ ከሞላ ጎደል በፎከስ ላይ ነው። ትንሹን ማዞሪያ ብቻ ነካ አድርጉ።

ደረጃ 3፦ ሁለቱን ዓይን ማስማማት

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ራሳችሁን የሚያማችሁ ከሆነ ይህን ደረጃ ዘላችኋል ማለት ነው።

1. ሁለቱን አይፒስ እያጠበባችሁና እያሰፋችሁ ሁለቱ ክብ አንድ ክብ እስኪሆን አስተካክሉ። መሐሉ ላይ ያለውን ቁጥር ማስታወሻ ላይ ጻፉት። የእናንተ ቁጥር ነው።

2. ማስተካከያ ቀለበት የሌለውን አይፒስ (ብዙ ጊዜ የቀኙ ነው) በቀኝ ዓይን ብቻ እያያችሁ በትንሹ ፎከስ አጥሩ።

3. አሁን ፎከሱን ሳትነኩ፣ በግራ ዓይን ብቻ እያያችሁ የግራውን አይፒስ ቀለበት አዙሩ።

መነጽር ያላችሁ፣ ቅርብ ወይም ሩቅ ማየት ብቻ ከሆነ ችግራችሁ አውልቁት። ፎከሱ ያካክሰዋል። አስቲግማቲዝም ካለባችሁ ግን አድርጋችሁ እዩ።

ደረጃ 4፦ ብርሃኑን ማስተካከል (አብዛኛው ሰው የሚወድቅበት)

አንድ ሕግ አለ። ብርሃን ሲበዛባችሁ የመብራቱን ማዞሪያ ቀንሱ። ኮንደንሰሩን አታውርዱ፣ አይሪሱን አትዝጉ። አይሪስ የብርሃን መቀነሻ አይደለም። ሥራው ንጽጽርን ማስተካከል ነው፣ ማለትም ናሙናው ከጀርባው ምን ያህል ጎልቶ እንደሚለይ።

ከታች መብራቱ ላይ የሚዘጋና የሚከፈት ቀለበት ካላችሁ በዚህ ሂዱ፦

1. በ10 ኦብጀክቲቭ ናሙናውን በፎከስ ያዙ። ከዚህ በኋላ ፎከሱን አትንኩ።

2. ኮንደንሰሩን እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጉ።

3. የመብራቱን ቀለበት ዝጉ። ሜዳው ጨልሞ መሐሉ ላይ ትንሽ የብርሃን ክብ ይቀራል። ጠርዟ ብዥ ያለ ነው።

4. ኮንደንሰሩን በጣም ቀስ ብላችሁ ዝቅ አድርጉ። ብዙውን ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ሚሊ ሜትር ይበቃል። የክቧ ጠርዝ ጥርት ይላል። ጠርዟ ላይ ቀጭን ሰማያዊ ወይም ቀይ ቀለም ካያችሁ አትደንግጡ። ትክክለኛው ቦታ ላይ ደርሳችኋል።

5. ክቧ መሐል ላይ ካልሆነች በኮንደንሰሩ ሁለት ብሎኖች ወደ መሐል አምጧት።

6. የመብራቱን ቀለበት ክቧ ከሜዳው ጠርዝ ልክ እስክትወጣ ክፈቱ። ከዚያ በላይ አትክፈቱ። ትርፍ ብርሃን ነጸብራቅ ይሆናል።

7. አንዱን አይፒስ አውጡና ቱቦው ውስጥ እዩ። የብርሃን ክብ ይታያችኋል። የኮንደንሰሩን አይሪስ ዝጉና ክፈቱ፤ ጠርዙ ሲገባና ሲወጣ ታያላችሁ። ከክቡ ሁለት ሦስተኛ እስከ ሦስት አራተኛ ድረስ ክፈቱት። አይፒሱን መልሱ።

ኦብጀክቲቭ በቀየራችሁ ቁጥር 6ኛውንና 7ኛውን ድገሙ። አዎ፣ ሁልጊዜ። ሲለመድ ከአሥር ሰከንድ አይበልጥም።

የእናንተ ማይክሮስኮፕ የመብራት ቀለበት ከሌለው፣ የእርሳስ ጫፍ መብራቱ ላይ አስቀምጡ። ናሙናው በፎከስ እንዳለ ኮንደንሰሩን ከፍ ዝቅ እያደረጋችሁ የእርሳሱ ጫፍ ጥላ ሲጠራላችሁ አቁሙ። እርሳሱን አንሱ። ቦታው ያ ነው። ከዚያ 7ኛውን ሥሩ።

አይሪሱ ትክክል መሆኑን በዓይን እንዴት ታውቃላችሁ? በጣም ሲዘጋ ሴሎቹ ዙሪያቸውን ጥቁር መስመር ይዘው፣ አሸዋ የተነሰነሰባቸው መስለው ይታያሉ። አቧራውም ሁሉ ጎልቶ ይወጣል። ይህን «ጠራ» የሚል ሰው ብዙ ነው። አልጠራም። ሁለት የተጠጋጉ ነጥቦች አንድ ሆነዋል። በጣም ሲከፈት ደግሞ ምስሉ ነጣ፣ ቀለሙ የታጠበ ይመስላል።

ደረጃ 5፦ እርጥብ ናሙናና የ40 ሌንስ

ያልቀለመ ናሙና፣ ለምሳሌ የሰገራ ምርመራ፣ ግልጽ ስለሆነ ንጽጽር የለውም። አይሪሱን ከተለመደው በላይ ጠበብ ማድረግ የሚፈቀደው እዚህ ላይ ነው። ጥቂት ዝርዝር ታጣላችሁ፣ በለውጡ ነገሩ ይታያችኋል።

1. ጓንት አድርጉ። ስላይዱ ግራ ላይ አንድ ጠብታ ኖርማል ሳላይን (የጨው ውኃ)፣ ቀኝ ላይ አንድ ጠብታ አዮዲን አኑሩ።

2. በስቴኪኒ የክብሪት ራስ የምታህል ናሙና መጀመሪያ ሳላይኑ ውስጥ፣ ከዚያ አዮዲኑ ውስጥ በጥብጡ። ቅደም ተከተሉን አትገልብጡ። አዮዲን የነካው እንጨት ሳላይኑን ያበላሻል።

3. ከቨር ስሊፑን በአንድ ጎኑ አስነክታችሁ በግማሽ አጋድማችሁ ቀስ ብላችሁ አስተኙት። ከላይ ጣል ካደረጋችሁት አረፋ ይገባል። አረፋ ክብ፣ ጥቁርና ወፍራም ጠርዝ ያለው ነው፤ ጀማሪ ሁሉ «እንቁላል አገኘሁ» የሚለው እሱን ነው።

4. ስላይዱን ጋዜጣ ላይ አድርጉት። ጽሑፉ በስሱ ከተነበበ ውፍረቱ ልክ ነው። ካልተነበበ ወፍሯል፣ እንደገና ሥሩ።

5. በ10 ሙሉውን ከቨር ስሊፕ ከላይ እስከ ታች እየተመላለሳችሁ እዩ። አጠራጣሪ ነገር መሐል ላይ አምጡና ወደ 40 አዙሩ። እዚህ ትልቁን ማዞሪያ አትንኩ። በሌንሱና በመስታወቱ መካከል ያለው ርቀት ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች ነው።

ፈሳሽ ሰገራ ከሆነ በግማሽ ሰዓት ውስጥ እዩት። ትሮፎዞይት (የሚንቀሳቀሰው የተውሳኩ መልክ) ሲቀዘቅዝ መንቀሳቀሱን ያቆማል። እንቅስቃሴ የምትፈልጉት ሳላይኑ ላይ ነው። አዮዲን ይገድለዋል፤ የሲስትን (የማይንቀሳቀሰው፣ ሽፋን ያለው የተውሳኩ መልክ) ኒውክለስ ግን አጉልቶ ያወጣል። ሁሉም ነገር ወደ አንድ አቅጣጫ ከፈሰሰ የሚንቀሳቀሰው ፈሳሹ እንጂ ተውሳኩ አይደለም። ትንሽ ጠብቁ፣ ይረጋል። ጃርዲያ ግን ረግቶም እየተወዛወዘ፣ እየተገለባበጠ ይሄዳል።

ደረጃ 6፦ የደም ፊልም ሠርቶ ማቅለም

በአገራችን ላብራቶሪ የ100 ሌንስ ዋና ሥራ ወባና ቲቢ ነው። ወባውን እንውሰድ። መጥፎ የተቀለመ ስላይድ በምንም ሌንስ አይድንም።

1. አንዱ ስላይድ ላይ ወፍራምና ስስ ፊልም ሥሩ። ወፍራሙን በሌላ ስላይድ ጥግ 12 ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት አድርጋችሁ አዙሩት። ገና እርጥብ ሳለ ከሥሩ የጋዜጣ ጽሑፍ በመጠኑ መነበብ አለበት። ስሱን በአንድ ጉዞ ግፉት፤ መጨረሻው ላይ ሴሎቹ አንድ ረድፍ ሆነው ይዘረጋሉ። ማንበቢያችሁ እዚያ ነው።

2. ጠፍጣፋ ቦታ ላይ በአየር ይድረቅ። ዝንብ እንዳያርፍበት ጠብቁ፤ ዝንብ ደሙን ትበላዋለች። ለመቸኮል ብላችሁ እሳት ላይ አታሙቁት። ወፍራሙ ፊልም በሙቀት ከተጋገረ ቀይ የደም ሴሎቹ አይፈርሱም፣ ምንም አታዩም።

3. ስሱን ብቻ ሜታኖል አስነኩት። ወፍራሙን ሜታኖል እንዳይነካው ስላይዱን አዘንብሉት፤ ትነቱም እንዳይደርስበት። ሜታኖል መርዝ ነው፣ በቀላሉም ይቀጣጠላል። ክዳኑን ወዲያው መልሱ።

4. ጊምሳውን (ማቅለሚያውን) ፒኤች 7.2 በሆነ በፈር ውኃ፣ ማለትም የአሲድ መጠኑ በማይዋዥቅ ውኃ በጥብጡ። ለፈጣኑ 10 በመቶ፣ ማለትም 1 ሚሊ ሊትር ጊምሳ በ9 ሚሊ ሊትር ውኃ፣ ለ10 ደቂቃ ያህል። ጊዜ ካላችሁ 3 በመቶ ለ45 ደቂቃ የተሻለ ያቀልማል። የተበጠበጠውን ለነገ አታሳድሩ።

5. ስታጥቡ ቀለሙን መጀመሪያ አትድፉ። ውኃውን ከጎን ቀስ ብላችሁ ጨምሩ፣ ላዩ ላይ የሰፈፈው ዝቃጭ ተንሳፎ ይውጣ። ከደፋችሁት ዝቃጩ ፊልሙ ላይ ይለጠፋል። ያ ደግሞ ወባ ይመስላል።

ቀለሙ ሁሉ ወደ ቀይ ካደላ ውኃው አሲድ ሆኗል። ሁሉም ሰማያዊ ከሆነ ፒኤቹ ከፍ ብሏል። የቧንቧ ውኃ በበፈር ፋንታ ስትጠቀሙ የሚመጣው ጣጣ ይኸው ነው። ጥሩ ስላይድ ላይ የነጭ የደም ሴል ኒውክለስ ሐምራዊ፣ የተውሳኩ ክሮማቲን (የኒውክለሱ ነጥብ) ቀይ፣ ሳይቶፕላዝሙ ሰማያዊ ነው። ተውሳኩን ከመፈለጋችሁ በፊት ነጭ የደም ሴሉን እዩ። እሱ በደንብ ካልቀለመ ተውሳኩም አልቀለመም።

ደረጃ 7፦ የ100 ሌንስ በዘይት

ለምን ዘይት? ብርሃን ከመስታወት ወደ አየር ሲወጣ ይጎብጣል፣ የዳር ዳሩ ብርሃን ሌንሱ ውስጥ ሳይገባ ያመልጣል። የኢመርሽን ዘይት ብርሃን የሚያጎብጥበት መጠን 1.515 ነው፤ ከመስታወቱ ጋር እኩል ነው ለማለት ይቻላል። ስለዚህ ብርሃኑ ቀጥ ብሎ ይገባል። የምግብ ዘይት ይህን አይሠራም። የ100 ሌንስ ያለ ዘይት ደግሞ የጠራ ምስል አያሳይም።

1. ስላይዱ በደንብ መድረቁን አረጋግጡ። እርጥብ ስላይድ ላይ ዘይት ደመና ይሆናል።

2. በ10 ጥሩ ቦታ ፈልጋችሁ በፎከስ ያዙ።

3. ኦብጀክቲቩን በግማሽ አዙሩ፣ ቦታው ባዶ ይሁን። ብርሃኑ ባረፈበት ላይ አንድ ጠብታ ዘይት አድርጉ። የጠርሙሱ ጫፍ ስላይዱን አይንካ።

4. 100ውን ከጎን እያያችሁ አምጡ። ዘይቱ ሲነካው ብልጭ ይላል። ከ40 በኩል አታምጡት፤ 40ው ዘይቱን ካለፈበት ተበላሸ። ከ4 በኩል አዙሩ።

5. ኮንደንሰሩ ከፍ ይበል። አይሪሱ ይከፈት። መብራቱን ጨምሩ።

6. በትንሹ ማዞሪያ ብቻ አጥሩ። አንድ ሁለት ዙር ዞሮ ካልመጣ አትግፉት። ወደ 10 ተመለሱና እንደገና ጀምሩ።

የሜዳ ቁጥሩ 18 በሆነ አይፒስ (ይህ ማጉሊያው አይደለም) በ100 ሌንስ ሜዳው ከዳር እስከ ዳር 0.18 ሚሊ ሜትር ነው። ቀይ የደም ሴል ከ7 እስከ 8 ማይክሮ ሜትር ስለሆነ ስስ ፊልም ላይ ወደ 24 ያህሉ በአንድ መስመር ይደረደራሉ። ይህን መለኪያ ያዙ። ከቀይ ሴሉ የሚበልጥ «የወባ ቀለበት» ካያችሁ ወባ አይደለም።

ወፍራሙን ፊልም «ኔጌቲቭ» ከማለታችሁ በፊት ቢያንስ 100 ሜዳ እዩ። ካገኛችሁ ስሱ ላይ ሄዳችሁ ዝርያውን ለዩ። እኛ ጋ በብዛት ፋልሲፓረምና ቫይቫክስ ነው። የፋልሲፓረም ጋሜቶሳይት (የተውሳኩ የመራቢያ መልክ) የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ አለው፤ የቫይቫክስ ደግሞ የያዘውን ቀይ ሴል ያሳብጠዋል። ብዛቱን ስታሰሉ የተውሳኩን ቁጥር በ8,000 አባዙና ለቆጠራችሁት ነጭ የደም ሴል አካፍሉ። 200 ነጭ ሴል ስትቆጥሩ 50 ተውሳክ ካገኛችሁ በማይክሮ ሊትር 2,000 ነው።

ደረጃ 8፦ ተራው ብርሃን ሲያቅተው

ጨለማ ሜዳ። ከጥቁር ካርቶን ክብ ቁረጡ፣ በግልጽ ፕላስቲክ ላይ ለጥፋችሁ ኮንደንሰሩ ሥር ባለው የፊልተር መያዣ መሐል አስቀምጡ። አይሪሱን ሙሉ ክፈቱ። ለ10 ኦብጀክቲቭ ከ10 ሚሊ ሜትር ስፋት ጀምራችሁ ሞክሩ። አይፒሱን አውጥታችሁ ስታዩ ሌንሱ ውስጥ ቀጥታ ብርሃን መታየት የለበትም፤ ከታየ ክቡን አስፉት። የኩሬ ውኃ በዚህ ብታዩ ነፍሳቱ ጥቁር ላይ ያበራሉ።

ፌዝ ኮንትራስት። ሕያው ያልቀለመ ሴል ለማየት ነው። ኦብጀክቲቩ ላይ «Ph 1»፣ «Ph 2» ወይም «Ph 3» ተብሎ ተጽፏል (ከላይ ካልነው የውኃው ፒኤች ጋር አይገናኝም)፤ ኮንደንሰሩ ላይ ያለው ቀለበትም ያንኑ ቁጥር መያዝ አለበት። የማይሠራው በአብዛኛው ቁጥሮቹ ሳይገናኙ ሲቀሩ ወይም ሁለቱ ቀለበቶች ሳይደራረቡ ሲቀሩ ነው። በማስተካከያው ቴሌስኮፕ እያያችሁ አደራርቧቸው።

ፍሎረሰንስ። ለቲቢ ኦራሚን ያቀለማችሁት አክታ በሰማያዊ ኤልኢዲ ሲመታ ባሲሉ ቢጫ አረንጓዴ ሆኖ ጨለማ ላይ ይታያል። በዝቅተኛ ማጉላት ስለሚታይ በቀይ ቀለም ከሚሠራው የዚል ኒልሰን ዘዴ ይፈጥናል። ስላይዱን ብርሃን ላይ አትተዉት፣ ቀለሙ ይጠፋል። ክፍሉን አጨልሙ። የቆየ የሜርኩሪ መብራት ያለው ከሆነ ያለ መከለያው አትዩ።

ፖላራይዝድ ብርሃን። ሁለት የፖላራይዘር ፊልተር ይበቃል፤ አንዱ ከስላይዱ በታች፣ አንዱ ከላይ። አንዱን አዙሩ፣ ሜዳው ሲጨልም አቁሙ። የድንች ስታርች ላይ መስቀል ታያላችሁ።

ሲበላሽ፦ ምኑ ነው?

በ10 ይታያል፣ በ40 ምንም አይጠራም። መጀመሪያ ስላይዱን ገልብጡ። ተገልብጦ ከገባ የአንድ ሚሊ ሜትር መስታወት መሐል ገብቷል፣ ሌንሱ አይደርስም። ካልሆነ 40ው ዘይት ነክቶታል። የደረቀ የደም ፊልም ከሆነ ደግሞ 40ው የተሠራው ለከቨር ስሊፕ ነው። አንድ ጠብታ ዘይት አድርጋችሁ ከቨር ስሊፕ ብትከድኑበት ወዲያው ይጠራል።

ጥቁር ነጥብ አለ። አይፒሱን አዙሩ። አብሮ ከዞረ እዚያ ነው። ስላይዱን ግፉ። አብሮ ከሄደ ስላይዱ ላይ ነው። ሁለቱም ካልሆኑ ኦብጀክቲቩን ቀይሩ፤ ከጠፋ እሱ ላይ ነው፣ ካልጠፋ ከታች ኮንደንሰሩ ወይም መብራቱ ላይ።

በዘይት ላይ ምስሉ ይዋኛል፣ ይጠራና ይጠፋል። አረፋ ነው። አይፒሱን አውጥታችሁ ቱቦውን እዩ፤ ክብ ነገር ታያላችሁ። ጥረጉና አዲስ ዘይት አድርጉ።

ስቴጁ ራሱ ዝቅ ይላል፣ ፎከሱ አይቆምም። የትልቁ ማዞሪያ ማጥበቂያ ላልቷል። ከማዞሪያው ሥር ያለውን ቀለበት አጥብቁ።

ግማሹ ሜዳ ጨለማ ነው። ኦብጀክቲቩ ጠቅ አላለም፣ ወይም ኮንደንሰሩ ከመሐል ወጥቷል።

ማጽዳትና ማስቀመጥ

1. መጀመሪያ አቧራውን በአየር መንፊያ አስወግዱ። አፋችሁ አይንፋ፣ ምራቅ ይሄዳል።

2. ዘይቱን በደረቅ የሌንስ ወረቀት አንስታችሁ ከ100 ሌንስ ላይ አውልቁ። ሥራ ባለቀ ቁጥር፣ ያውም ሳይደርቅ።

3. የቀረውን ቅባት አምራቹ በፈቀደው ማጽጃ ባረጠባችሁት ወረቀት ጥረጉ። ዛይሊን ብዙ ላብራቶሪ ውስጥ አለ፤ ሌንሱን የያዘውን ሙጫ ስለሚያሟሟ አታርጥቡት፣ ጥቂት ብቻ። ሌንስ ውስጥ ፈሳሽ አታንጠባጥቡ።

4. 4ውን ቦታው ላይ አድርጉ፣ ስቴጁን አውርዱ፣ መብራቱን ቀንሳችሁ አጥፉ። ትንሽ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁና ሽፋኑን አልብሱት።

5. ቆላ ወይም ዝናባማ ቦታ ከሆናችሁ ሲሊካ ጄል ያለበት ሳጥን ውስጥ ይደር። ሰማያዊው ሲሊካ ሮዝ ሲሆን እርጥበት ጠግቧል፤ ምድጃ ላይ አሙቁት፣ ሰማያዊነቱ ይመለሳል። ሌንስ ላይ የሸረሪት ድር የመሰለ ክር ካያችሁ ሻጋታ ነው። በማጽጃ አትታገሉት፣ ኦብጀክቲቩንም ፈታትታችሁ አትክፈቱ፤ ውስጡ ያሉት ሌንሶች አቀማመጣቸው ከተናጋ መልሳችሁ አትገጥሙትም። ለባዮሜዲካል ባለሙያ ስጡት፣ እስከዚያው ሌላውን ማይክሮስኮፕ ከሱ ሳጥን አውጡ።